ጄምስ ብሩስ፤ የወይን ነጋዴው በጎንደር

ስለ ጎንደር ታሪክ ጥቂት ያነበበ ሰው ሁሉ የጄምስ ብሩስን ስም ያውቃል። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ፥ እቴጌ ምንትዋብን በቁስቋም ያነጋገረ፥ ያየውንም በአምስት ታላላቅ መጻሕፍት ጽፎ ለዓለም ያሰማ የስኮትላንድ ሰው ነው። ነገር ግን ይህ ሰው መንገደኛ ከመሆኑ በፊት ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ብሩስ የመጠጥ ነጋዴ ነበረ። መጠጥን በዓይኑ፥ በአፍንጫውና በምላሱ መርምሮ ዋጋውን የሚቆርጥ የወይን ነጋዴ ነበረ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ በዚህ በኩል አድርገን እንመለከተዋለን። የሰውየው አገር ዛሬ በዓለም የታወቀ የዊስኪ አገር ሲሆን፥ የእኛ ጎንደር ደግሞ የጠጅ፥ የጠላና የዳጉሳ አረቄ አገር ነው። ሁለቱ የደጋ አገሮች ከአንድ ዓይነት ነገር ተነሥተው ለምን በሁለት መንገድ እንደ ሄዱ ለመረዳት የዚህ ሰው ሕይወት ጥሩ መነሻ ይሆነናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ዓ. ም. ፎልከርክ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ላይ ተወለደ። እናቱ የሞተችበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። አባቱ ወደ እንግሊዝ አገር ልኮ ሀሮ በተባለው ትምህርት ቤት አስተማረው፤ ቀጥሎም ጠበቃ ይሆን ዘንድ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲማር አደረገው። ልጁ ግን ሕግን አልወደደም። ሰውነቱ ቁመተ ረጅም፥ ልቡም እንደ ቁመቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፥ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት መገልበጥ እስር ቤት ሆኖ ታየው። ወደ ህንድ ሄዶ ለመነገድ አስቦ ወደ ለንደን ወረደ።

በለንደን ግን የሕይወቱን መንገድ የለወጠች አንዲት ወጣት ሴት አገኘ። ስሟ አድሪያና አለን ይባላል፤ ቤተ ሰቦችዋም የወይን ነጋዴዎች ነበሩ። በ1754 አገባት፤ የህንዱንም ሐሳብ ትቶ በቤተ ሰቡ ንግድ ውስጥ ገባ። ትዳሩ ዓመት እንኳ አልሞላም። ሚስቱ በሳንባ በሽታ ታማ አየር ለመለወጥ ሲጓዙ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፓሪስ ላይ ሞተች። ብሩስ ባሏን የሞተበትን ቤት ሳይሆን ሚስቱን ያጣበትን ንግድ ይዞ ቀረ፤ ሐዘኑንም ለመርሳት ሥራውን በጉዞ ላይ አደረገው።

በ1757 የወይኑን መከር ለማየት ወደ ስፔይንና ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። በዚያ ዘመን የወይን ነጋዴ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። በርሜሉ ሲከፈት ቀለሙን በብርሃን አይቶ፥ ሽታውን አሽትቶ፥ ጥቂቱን በምላሱ አዙሮ፥ ይህ ከየትኛው ተዳፋት የመጣ ነው፥ ስንት ክረምት አሳለፈ፥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ወይስ ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ ያስፈልጋል። የተሳሳተ እንደ ሆነ ገንዘቡን ያጣል። ፖርቱጋል ደግሞ ያን ጊዜ አንድ አዲስ ነገር የታየባት አገር ነበረች። ወይን ሻጮች ኤልደርቤሪ በሚባል ፍሬ ቀለሙን እያጠቆሩ ገዢውን ስላታለሉ የወይኑ ስም ወድቆ ነበርና፥ የአገሩ ዋና ሹም የነበረው ፖምባል በ1756 የዶውሮን ሸለቆ በድንበር ከልሎ፥ ከዚያ ክልል ውስጥ ያልወጣ ወይን በክልሉ ስም እንዳይሸጥ አዘዘ። ብሩስ እዚያ የደረሰው ይህ በተደረገ በማግስቱ ዓመት ነው። መጠጥ በስሙና በተወለደበት ቦታ በሕግ ሲጠበቅ ከተመለከቱት የመጀመሪያዎቹ ነጋዴዎች አንዱ ነበረ ማለት ነው።

በስፔይን ሳለ ግን ከወይኑ ይልቅ በኤስኮሪያል ገዳም የተከማቹት የዓረብኛ መጻሕፍት ልቡን ሳቡት። ዓረብኛ መማር ጀመረ። ከዓረብኛም አልፎ፥ ጀርመናዊው ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ባዘጋጃቸው መጻሕፍት አማካይነት ወደ ግዕዝ ደረሰ። በ1758 አባቱ ሞተና የኪኔርድን ርስት ወረሰ። በዚያ መሬት ሥር የድንጋይ ከሰል ነበረ። በ1759 በአጠገቡ የተቋቋመው የካሮን የብረት ፋብሪካ ከሰሉን ይገዛው ጀመር፤ ብሩስም ከወይን ንግዱ በ1761 ወጣ። ስለዚህ ብሩስን እስከ ጎንደር ያደረሰው ገንዘብ ከከሰል የመጣ ሲሆን፥ የሚያይበት ዓይንና የሚቀምስበት ምላስ ግን ከወይን ንግድ የቀረለት ነበረ።

ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንሲል አድርጎ ሾመው። እዚያም ጥቂት ሕክምና ተማረ። ከሰሜን አፍሪካ ፍርስራሾች እስከ ሶርያ፥ ከሶርያም እስከ ካይሮ ተጓዘ። በመጨረሻ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሴፕቴምበር 1769 ምፅዋ ደረሰ። በአድዋና በአክሱም አልፎ፥ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፥ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። ከእርሱም ጋራ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የጣሊያን ሠዓሊ ነበረ።

ብሩስ የደረሰበት ዘመን ለጎንደር ክፉ ዘመን ነበረ። ራስ ሚካኤል ስሑል አንዱን ንጉሥ አውርደው ሌላውን የሚያነግሡበት፥ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት፥ የዘመነ መሳፍንት በር የተከፈተበት ጊዜ ነው። ንጉሡ ወጣቱ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ራስ ሚካኤልና ንጉሡ በዘመቻ ላይ ሳሉ በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበረ። ብሩስ ወደ ቁስቋም ተጠርቶ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ ሰብ ሕፃናት አስታመመ። ቤቱ አየር እንዲገባው መስኮትና በር አስከፈተ፤ ጨርቁን አስለወጠ፤ ከታመሙት መካከልም የዳኑ ነበሩ። በዚህ ምክንያት የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ፤ የጎንደርም ሰው ያዕቆብ ብሎ ይጠራው ጀመር። በኋላም በተኩስ ላይ ክርክር ተነሥቶ፥ በጠመንጃው ውስጥ በእርሳስ ፈንታ የሞራ ሻማ አድርጎ ሦስት ጋሻ እንደ በሳ ስለ ታየ ስሙ በቤተ መንግሥት ገነነ። የንጉሡ ባለሟል ተባለ፤ የራስ አል ፊልንም አገር በስም ተሾመ።

አሁን ወደ መጠጡ እንመለስ። ብሩስ በጎንደር ግብር ላይ ተቀምጧል፤ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ጠጥቷል። መኳንንቱ ሲበሉ በገዛ እጃቸው የማይጎርሱ መሆናቸውን፥ ሴቶች ሲያጎርሷቸውም በቅድሚያ ተበልቶ በኋላ እንደሚጠጣ ጽፏል። ወይንን በሚመለከት፥ ከጎንደር ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ጥሩና ብርቱ ወይን ይጠመቅ እንደ ነበረ፥ ሕዝቡ ግን ወይንን እምብዛም ስለማይወድ ተክሉን በአንድ ቦታ ብቻ ይተክለው እንደ ነበረ መዝግቧል። ቀድሞ የመጡት የካቶሊክ መነኮሳት በኢትዮጵያ ለቁርባን የሚበቃ ወይን የለም ብለው ያወሩትንም በዚሁ ምስክርነት ነቅፏል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ስለ ዳጉሳ የሰጠው ፍርድ ነው። ስለ ጤፍ በጻፈው ምዕራፍ ውስጥ ዳጉሳን ቶኩሶ ብሎ ያነሣዋል። እንጀራው ጥቁርና የድሆች ምግብ መሆኑን፥ ከእንጀራም ሁሉ የመጨረሻው መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ወደ ጠላው በደረሰ ጊዜ ነጋዴው በውስጡ ይነቃል። የከፋውን እንጀራ የሚሰጠው ይህ እህል ከሁሉ የተሻለውን ጠላ የሚሰጥ መሆኑን በራሱ ምላስ ፈርዶ ጽፏል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን የጻፈው የስፔይንንና የፖርቱጋልን በርሜሎች ቀምሶ የሸጠና የገዛ ሰው መሆኑን አስብ። መጽሐፉ በ1790 በኤዲንበርግ ታትሟል። ዛሬ በደምቢያና በአካባቢው የዳጉሳ አረቄ የምታወጣ እናት፥ እህሏ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የባለሙያ ምስክርነት እንዳለው የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ብሩስ የመጣበት ጉዳይ የዓባይ ምንጭ ነበረ። በመጀመሪያው ሙከራ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይቶ በጦርነቱ ምክንያት ተመለሰ። በሁለተኛው፥ የአገው ምድርንና የዳሞትን አገር ይዘው ከነበሩት ከፋሲል ፈቃድ አግኝቶ፥ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። እዚያም ከዓረብ አገር ይዞት በመጣው የኮኮናት ቅል ዋንጫ ቀዳና ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሣልሳዊ፥ ለሩስያም ንግሥት ለካትሪን ጤንነት ጠጣ። የወይን ነጋዴው በሕይወቱ ታላቅ ቀን በዋንጫው የቀዳው ወይን ወይም ጠጅ ሳይሆን የምንጩን ውሃ ነበረ። ጥቂት ቆይቶም ደስታው ጠፍቶ ብርቱ ሐዘን እንደ ያዘው ራሱ ጽፏል። ብዙ ሺህ ምዕራፍ የመጣለት ነገር በአረንጓዴ መስክ መካከል ያለች ትንሽ ረግረግ ነበረችና፥ አገሩ እስኪገባ ያለው መንገድ ሁሉ ደግሞ ገና በፊቱ ተዘርግቶ ነበር።

ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት በሰርባክሳ ብዙ ደም የፈሰሰበት ጦርነት ተደርጎ ራስ ሚካኤል ወደቁ። ብሩስም በዲሴምበር 1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ፥ በስናርና በኑብያ በረሃ አድርጎ፥ በውሃ ጥምና በእግር ቁስል እየተሠቃየ ግብፅ ገባ። ወደ ለንደን የተመለሰው በ1774 ነው። ከያዛቸው ዕቃዎች መካከል የግዕዝ መጻሕፍት ነበሩ፤ አውሮፓ ጠፍቶባት የነበረው መጽሐፈ ሄኖክም ከነሱ አንዱ ነው። የተቅማጥ መድኃኒት የሆነውን ዋጊኖስንና ኮሶንም ለሊቃውንት አስታውቋል፤ ዋጊኖስ ዛሬ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ በብሩስ ስም ይጠራል።

ለንደን በመጀመሪያ አከበረችው፤ ብዙም ሳይቆይ ሳቀችበት። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ግብሩ ሥርዓት የተናገረውን ሰዎች ውሸት ነው አሉት። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ መጽሐፍ የተረጎመውና ራሰላስ የሚባለውን ልብ ወለድ የደረሰው ታላቁ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ፥ እግሩ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ፥ የብሩስን ቃል ተጠራጠረ። ብሩስ ኩሩ ሰው ነበረና ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ፤ መጽሐፉንም ሳይጽፍ ብዙ ዓመት ተቀመጠ።

እርሱ እንዲህ በርስቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ በአገሩ መጠጥ ላይ ታላቅ ነገር ይደረግ ነበረ። የስኮትላንድ ሰዎች ከገብስ ብቅል መጠጥ ማውጣት የጀመሩት ከጥንት ነው፤ በ1494 በተጻፈ የንጉሥ ሒሳብ መዝገብ ላይ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ መጠጡን የሚያወጣበት ብቅል እንደ ተሰጠው ይገኛል። መጠጡን በላቲን ማየ ሕይወት እንደ ማለት ይጠሩት ነበር፤ ዊስኪ የሚለውም ቃል ከዚሁ ትርጉም፥ ከጌሊክ ቋንቋ የመጣ ነው። አረቄ ደግሞ ከዓረብኛው ላብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ አይተው ነው እንዲህ ያሉት። በብሩስ ዘመን ዊስኪ በየገበሬው ቤት በትንሽ ጋን የሚወጣ የቤት መጠጥ ነበረ። በ1781 መንግሥት ለቤት ማውጣትን ፈጽሞ ከለከለ። ሰዉ ግን አልተወም፤ ወደ ሸለቆና ወደ ዋሻ ገብቶ እያወጣ በሌሊት ይሸጥ ጀመር። በ1823 የወጣው አዲስ ሕግ ግን ፈቃድ አውጥቶ ግብር ለከፈለ ሁሉ መንገዱን ከፈተለት። ያን ጊዜ ከዋሻ ወደ አደባባይ የወጣው መጠጥ ስም አገኘ፤ ስሙም የየሸለቆው ስም ሆነ። በብሩስ የትውልድ አገር በፎልከርክ እንኳ በ1840 ሮዝባንክ የተባለው ቤት ተቋቋመ፤ በ1993 ተዘግቶ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሥራ ጀምሯል። ዛሬ በሕጉ መሠረት ስኮች ዊስኪ ለመባል በስኮትላንድ መውጣትና ኦክ በሚባል እንጨት በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ ግዴታ ነው። አሜሪካኖችም በበኩላቸው በርበን የሚባለው መጠጣቸው ከእህሉ ቢያንስ 51 ከመቶ በቆሎ እንዲሆን፥ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል እንዲቀመጥ ደንግገዋል፤ በ1964ም ምክር ቤታቸው የአገራቸው ልዩ ምርት መሆኑን አውጇል።

ብሩስ ይህን ሁሉ አላየም። ሁለተኛ ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ወዳጆቹ ሐዘኑን በሥራ እንዲረሳ ስለ መከሩት መጽሐፉን ጽፎ በ1790 አሳተመ። በኤፕሪል 1794 ቤቱ ከመጡት እንግዶች አንዲቱን ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱ ተመታና በማግስቱ ሞተ። በረሃውን፥ ጦርነቱንና ወባውን ያመለጠ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ሞተ። የተቀበረው በላርበርት ነው፤ በመቃብሩ ላይ ያለው ሐውልት ከሰሉን ይገዛ በነበረው በካሮን ፋብሪካ የተሠራ የብረት ሐውልት ነው።

ሰውየውን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ከእርሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔይናዊ መነኩሴ ግሽ ዓባይን ማየቱን አልቀበልም ብሎ ክዷል። የባሉጋኒን ድካም ሸፍኖ የሥዕሉን ክብር ለራሱ ወስዷል። ነገር ግን በኋላ የመጡ መንገደኞች፥ ውሸት ከተባለበት ነገር ብዙው እውነት መሆኑን መስክረዋል። ያልታመነበት ምክንያት የተናገረላት አገር በለንደን ሰዎች ዘንድ ስም የሌላት ስለ ነበረች ነው።

የእኛም አረቄ ነገር ይህንኑ ይመስላል። እስቲ ሥራውን እንመልከት። በጎንደር አካባቢ አረቄ የምታወጣ ሴት ብቅሉን ታበቅላለች፤ ጌሾውን ትወቅጣለች፤ ዳጉሳውን አስፈጭታ ድፍድፉን ትጠነስሳለች። በደረሰ ጊዜ በማሰሮ አድርጋ እሳት ላይ ትጥዳለች፤ አፉን በጭቃ ትመርጋለች፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ ደግማ ያወጣችው ዳግም ይባላል። የስኮትላንድም የብቅል ዊስኪ አብዛኛው ሁለት ጊዜ የሚወጣ ነው። ብቅሉ አንድ ነው፤ እሳቱ አንድ ነው፤ የእንፋሎቱ ሕግ አንድ ነው። ልዩነቱ የኦክ በርሜሉ፥ የዓመታቱ ትዕግሥትና ከሁሉም በላይ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። እዚያ እያንዳንዱ በርሜል ቁጥርና ዓመት አለው፤ መጠኑ ይለካል፤ መጀመሪያና መጨረሻ የሚወርደው ተለይቶ መካከሉ ብቻ ይያዛል። እዚህ ግን ልኩ በሴቲቱ ዓይን ላይ ነው፤ ሴቲቱ ስትሞት ዕውቀቷም አብሯት ይቀበራል። አረቄውም በሽያጭ ጊዜ የመንደሯ ስም ሳይነሣ አረቄ ብቻ ይባላል።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በጠላና በአረቄ ገንዘብ ደብተር የተገዛለት፥ የቤት ኪራይ የተከፈለለት ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ሲሆን፥ ቀለም ከቆጠርን በኋላ የፈረንጅ ጠርሙስ በመደርደሪያ ላይ ሲቆም እንደ ሥልጣኔ፥ የእናቶቻችን ማሰሮ ግን እንደ ነውር ይታየናል። መጠጥን ማወደሳችን አይደለም፤ ስካር ያፈረሰው ቤት ብዙ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳይለካ የሚጠጣ ብርቱ አረቄም ሰውን ይጎዳል። ነገር ግን መለካትና መመዝገብ የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። ማንም ያልመዘነውን ነገር ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፥ የሲዳሞንና የሐረርን ቡና ስም በንግድ ምልክትነት ለማስጠበቅ በውጭ አገር ተከራክራ ብዙ ቦታ ተሳክቶላታል። ቡናው ከዚያ በፊትም ጣፋጭ ነበረ፤ የተጨመረለት ነገር የስሙ ባለቤትነት ነው። ለዳጉሳ አረቄም እንዲህ ያለውን ሥራ መጀመር የሚቻለው ከጽሕፈት ነው። የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ በዕረፍት ጊዜው ወደ አገሩ ሲሄድ እርሳስና ወረቀት ይዞ እናቱን፥ አክስቱን፥ ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ስንት ቁና ዳጉሳ፥ ስንት ጌሾ፥ ስንት ቀን፥ ስንት ጠርሙስ እንደሚወጣ ይጻፍ። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሙ ደግሞ ኃይሉንና ንጽሕናውን ይመርምር። ብሩስ ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ቋንቋውን ተምሮ፥ ቀምሶ፥ ስለ ዳጉሳ ጥቂት መስመሮች ጻፈ። እኛ ቋንቋውን ከእናታችን ጡት ጋራ የጠባን ነን፤ ቤቱም የራሳችን ቤት ነው።